አቤት የሚባልበት እርጅና

ከአልጋው ራስጌ በገመድ የተንጠለጠለች አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች። በሽተኛው ሲጫናት ከክፍሉ በር በላይ መብራት ይበራል፤ ነርሶቹ ከሚቀመጡበት ጠረጴዛ ዘንድም ደወል ይጮኻል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሐምሌና ነሐሴ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ የነርሲንግና የማገገሚያ ማዕከል፣ ከአጎቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ያቺን መብራት ስመለከት ሰነበትሁ። ሰዓቴን እያየሁ ቈጥሬአለሁ። አንዳንድ ቀን በሦስት ደቂቃ ሰው ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን አርባ ደቂቃ ያልፋል። የሚጠሩት ሰው ያው ናቸው፤ የሚፈልጉትም ያው ነው፤ ሽንት ቤት መሄድ። በሦስት ደቂቃ የተደረሰላቸው እንደሆነ ክብራቸውን እንደያዙ ተነሥተው ይሄዳሉ። በአርባ ደቂቃ የተደረሰላቸው እንደሆነ አንሶላው ይቀየራል።

ውድ አንባብያን፣ «የፖለቲካ ጸሐፊ ስለ አንሶላ ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባዋል። አንድ መንግሥት ዜጋውን ምን ያህል እንደሚያከብር ለማወቅ የምርጫ ጣቢያውን መጐብኘት ተገቢ ነው። ነገር ግን ዜጋው ወደ ምርጫ ጣቢያው በእግሩ መሄድ ሲሳነው የሚተኛበትን አልጋ ሳያዩ ምርመራው ተሟላ ማለት አይቻልም። እኔ ከዚያ አልጋ አጠገብ ይዤ የተመለስሁት ሐሳብ አንድ ነው። እንክብካቤ ምግባር ብቻ ሳይሆን ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ እጅ፣ ሰዓት፣ ደመወዝና ሕግ ያስፈልገዋል፤ ሲጓደልም አቤት የሚባልበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የመቶው ቀን ሂሳብ

አጎቴ (ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው፤ ስማቸውን ልተወው) በሱዳን በኩል ወጥተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ከገቡት ስደተኞች አንዱ ናቸው። እንደ ብዙዎቹ የዘመን ጓደኞቻቸው በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ቈርጠዋል፤ ኋላም ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ባለቤታቸው ዐርፈዋል፤ አንዲት ልጃቸው የምትኖረው በሌላ ግዛት ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ዛለ፤ ንግግራቸው ተጎተተ። እኔ በምርምር ፈቃድ ለጥቂት ወራት እዚያው አካባቢ ስለነበርሁ የአስታማሚነቱ ዕጣ በእኔ ላይ ወደቀ።

ሆስፒታሉ ከአምስት ሌሊት በኋላ ወደ ማገገሚያ ማዕከል ላካቸው። ወጪውን የሚሸፍነው ሜዲኬር ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረሙት ሕግ የተቋቋመው፣ በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች የሚያገለግለው የጤና መድን። ጋሼ ለዐሥርተ ዓመታት ግብር ስለከፈሉ ባለመብት ናቸው። ይሁንና የመብቱ ወሰን በደንብ የማይታወቅ በመሆኑ እዚህ ላይ ልዘርዝረው።

በመደበኛው ሜዲኬር አንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን «ተኝቶ ታካሚ» ተብሎ ሆስፒታል ከቆየ በኋላ፣ ሙያዊ ነርሲንግ ወይም የማገገሚያ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ፣ እስከ 100 ቀን ይሸፈንለታል። የመጀመሪያው 20 ቀን ሙሉ በሙሉ ነው። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ግን ባለመድኑ በየዕለቱ ድርሻውን ይከፍላል፤ በ2025 ይህ ድርሻ በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ይዞ ሳለ በመዝገቡ ላይ «ለክትትል» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ደግሞ ሦስት ሌሊት ቢያድርም አይቈጠርለትም። እዚያ አገር ወላጅ ያላችሁ ወገኖች ይህችን አንዲት ቃል ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምራችሁ ጠይቁ።

ከ100 ቀን በኋላ ሜዲኬር የለም። ሰውየው ከዚያው ማዕከል መኖሩን የሚቀጥል ከሆነ ከኪሱ ይከፍላል፤ ኪሱ ሲራቆት ደግሞ የድኾች መድን የሆነው ሜዲኬይድ ይረከበዋል። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይኖራሉ። አንዱ ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ፣ ተለማምዶ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። ሌላው ከእንግዲህ ቤቱ ያ አልጋ የሆነበት ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ድልድይ እንደምናስበው ረጅም አይደለም።

የማዕከሉ ውሎ

ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ከንጋቱ 1 ሰዓት ፈረቃ ሲለወጥ ይጀምራል። ረዳት ነርሷ ትገባለች፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ታሻግራለች። የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች ነርሷ ትከተላለች። ቁርስ በትሪ ይመጣል። የጋሼ ጉሮሮ ቀጭን ነገር በትክክል መዋጥ ስላልቻለ፣ ውሃ ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ ተብሎ በዱቄት ወፍሮ እንደ አጥሚት ሆኖ ይቀርብላቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማንኪያውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና፣ በተጎተተ አንደበት፣ «ዘንድሮስ ውሃም ይበላል?» አሉኝ። ከስትሮኩ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር።

ከቁርስ በኋላ ልምምድ ነው። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ እየያዙ የሚራመዱባቸው ሁለት ትይዩ ብረቶች አሉ፤ ወዴትም የማያደርስ ባለ አራት ደረጃ መወጣጫ አለ፤ ምንም የማይበስልበት ማድቤት አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ፣ እንደ መቀነት፣ ታስርና ከኋላ ይዛ ታስነሣቸዋለች። ሌላው ባለሙያ ቍልፍ መቈለፍን፣ ጥርስ መቦረሽን፣ በግራ እጅ መጉረስን ያስተምራል። ሦስተኛዋ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ ናት። ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ቢንጎ ይጫወታሉ፤ አልፎ አልፎ ጊታር የሚመታ በጎ ፈቃደኛ ይመጣል። ማታ 11 ሰዓት ገደማ እራት ይቀርባል። ከዚያ ረጅሙ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ሁሉ የምናገረው በምስጋና ነው። ስትሮክ የመታው ሰው በሳምንት አምስት ቀን ሦስት ዓይነት ባለሙያ እጁን ይዞ ሲያለማምደው ማየት ለኢትዮጵያዊ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ከበሽተኛው ጋር የሚቆዩት በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። የቀረውን ሃያ ሁለት ሰዓት የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው።

እነዚያ እጆች

የቀረውን ሰዓት የምትሸከመው ወገኖቻችን «ሲኤንኤ» የሚሏት ረዳት ነርስ ናት። በፌዴራሉ ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። በጋሼ ማዕከል ከነበሩት ረዳት ነርሶች ብዙዎቹ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ከእኛም አገር ሦስት ቈጥሬአለሁ። አንዷ፣ ከደሴ የመጣች የሃምሳ ዓመት ግድም ሴት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ጋሼን «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ስትላቸው ፊታቸው በራ። እርሳቸውም ከዚያ በኋላ «ልጄ» እንጂ በሌላ ስም አልጠሯትም።

በቀን ፈረቃ ለአንዲት ረዳት ነርስ ዐሥር በሽተኛ ሲደርሳት አይቻለሁ፤ ሌሊት ሃያ። ሂሳቡን እንሥራው። የስምንት ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው፤ ለዐሥር ሲካፈል ለአንዱ 48 ደቂቃ ይደርሰዋል። በዚህ ውስጥ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሽንት ቤት መውሰድ፣ መኝታ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ይህንን ሁሉ መመዝገብ አለ። መቆም የማይችለውን ሰው በማንሻ ማሽን ለማሻገር ደግሞ ሁለት ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ከገቡ ኮሪደሩ ባዶ ይቀራል። የሦስትና የአርባው ደቂቃ ምስጢር ይህ ነው። ደግነትና ክፋት አይደለም፤ ማካፈል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የነርሲንግ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ነዋሪውን ባለመብት አድርጎታል። የእያንዳንዱ ሰው አቅምና ፍላጎት እንዲመዘን፣ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲወጣለት፣ እርሱም ቤተሰቡም በዕቅዱ ላይ እንዲናገሩ፣ ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይታሰርና በመድኃኒት እንዳይደነዝዝ ደንግጓል። ስለ ሠራተኛ ብዛት ሲደርስ ግን «በቂ» ብሎ አለፈ። በቂ ማለት ስንት ነው? የኮቪድ ወረርሽኝ በእነዚህ ቤቶች ካለፈ በኋላ ጥያቄው ሊድበሰበስ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አስቀመጠ፤ ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርሲንግ አገልግሎት። ባለንብረቶቹ «ሠራተኛ ከየት እናምጣ? ገንዘቡንስ ማን ይክፈለን?» ብለው ተከራከሩ። በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የደንቡን ዋና ዋና ክፍሎች ሻረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው ትልቁ የበጀት ሕግ አፈጻጸሙን እስከ 2034 አገደ፤ በታኅሣሥም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሰረዘው። የባለንብረቶቹ ክርክር ከንቱ ነው አልልም፤ ሠራተኛ በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን ሠራተኛ የሚጠፋው ወገብ የሚሰብር ሥራ በዝቅተኛ ደመወዝ ስለሚሠራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ክብር በሕግ ተጽፎ እጅ ሲጎድለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። በማዕከሉ በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እኔ በሌለሁበት አንዲት ነርስ የጋሼን አእምሮ የምትመዝን አጭር መጠይቅ አደረገችላቸው። መጠይቁ በመላው አሜሪካ አንድ ዓይነት ነው፤ ከ15 ነጥብ ይታሰባል። ሦስት ቃላት ይነገራሉ፤ ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ። በሽተኛው ይደግማቸዋል። ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ዕለቱን ይጠየቃል፤ በመጨረሻ ሦስቱን ቃላት ያስታውስ እንደሆነ ይታያል።

ስትሮኩ የጋሼን እንግሊዝኛ ይዞባቸው ነበር፤ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን የሚወጣው አማርኛ ነው። ቃላቱን እንደምንም ደገሙ። ዓመቱ ስንት ነው ሲባሉ «ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት» አሉ። ወሩ ሲባሉ «ሐምሌ»። ዕለቱ ሲባሉ «ቅዳሜ፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፤ ጾም የሚፈታበት»። ቃላቱን አስታውስ ሲባሉ «ካልሲ… አልጋ» አሉ፤ በአማርኛ። ዕለቱ በእርግጥ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ በእርግጥም ቅዳሜ ነበር፤ በእርግጥም የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነበር። ምናልባት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ቀኑን በሙሉ ትርጉሙ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። ነርሷ በቅንነት ሰምታ በቅንነት መዘገበች፤ ከ15 ነጥብ 3። የመዝገቡ ትርጓሜ «ከባድ የአእምሮ ጉድለት» ነው።

አንድ ቁጥር መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ በራሱ እግር ይሄዳል። በ19ኛው ቀን ጠዋት አንድ ወረቀት ተሰጠን። ከሁለት ቀን በኋላ የሜዲኬር ሽፋን እንደሚያበቃ ይገልጻል። ምክንያቱን ስንጠይቅ መሻሻላቸው መቆሙንና መመሪያ ተቀብለው የማስታወስ አቅማቸው አነስተኛ መሆኑን ነገሩን። እንግዲህ ከፊት ለፊታችን ሁለት መንገድ ነበር፤ ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ፎቅ መመለስ፣ ወይም እዚያው የዘለቄታ ነዋሪ ሆኖ መቅረት።

እኔ የሕግና የአስተዳደር ሰው ነኝ እላለሁ፤ ዶክትሬቴም በዚሁ ነው። ያን ወረቀት ስቀበል ግን ተሸማቅቄ «እሺ» ልል ነበር። የእኛ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው። ከግርጌው በትንሽ ፊደል የተጻፈውን እንዳነብ ያደረገችኝ ያቺው የደሴ ሴት ናት። ትሪውን እያነሣች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ወንድሜ፣ ከታች ያለችውን ስልክ ደውል፤ ነገ እኩለ ቀን ሳያልፍ ነው» አለችኝና ወጣች።

ከታች ያለው የይግባኝ መብት ነበር። ሽፋኑ ከሚያበቃበት በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን የደወለ ሰው፣ ከማዕከሉ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ ጉዳዩን በነጻ ያይለታል። ደወልን። ሁለት ነገር አነሣን። አንደኛ፣ ምዘናው ያለ አስተርጓሚ መደረጉን። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቋንቋ እርዳታ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ «መሻሻል ቆሟል» የሚለው ብቻውን ሽፋን ለማቋረጥ አይበቃም። በጥር 2013 በጂሞና በሴቤሊየስ ክርክር የጸደቀው ስምምነት፣ ያለውን አቅም ለማቆየት ወይም ማሽቈልቈልን ለማዘግየት የሚያስፈልግ ሙያዊ እንክብካቤም እንደሚሸፈን አረጋግጧል።

ምዘናው በስልክ አስተርጓሚ ተደገመ። ጋሼ 13 አገኙ፤ ይህም ጤነኛ ከሚባለው ክልል ውስጥ ነው። ዓመቱን ሲጠየቁ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ «በማን አቈጣጠር?» አሉ። ይግባኙ ለእኛ ተወሰነ።

ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ድርሻችንን እየከፈልን ቆየን። ፍልሰታ ገባ፤ ጾሙን ሳይፈቱ እንዲያሳልፉ በእንክብካቤ ዕቅዱ ውስጥ አስጻፍን፤ ወጥ ቤቱ «አትክልት» ባለ ቁጥር እንቁላል እያመጣ ትንሽ ቢያስቸግርም ተላመደ። በ44ኛው ቀን፣ የፍልሰታ ዕለት፣ ጋሼ ባለ አራት እግር መደገፊያቸውን ይዘው በእግራቸው ወጡ። የ23 ቀን ድርሻችን 4,818 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ይህን የማይችል ቤተሰብ ብዙ ነው።

የጋሼ የክፍል ጓደኛ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ የአውቶቡስ ነጂ ነበሩ፤ አራት ዓመት ኖረውበታል። በእነዚያ ሳምንታት ጠያቂ ሲመጣላቸው አላየሁም። በየግዛቱ ለነርሲንግ ቤት ነዋሪዎች የቆመ እንባ ጠባቂ አለ፤ ስልኩም በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የተለጠፈው ግን ቆሞ በሚሄድ ሰው ዓይን ልክ ነው። ለሰውየው ማን አንብቦላቸው፣ ማን ይደውልላቸዋል? ሕጉ መብት ሰጥቷል፤ መብቱን የሚጠራ አንደበት ግን አብሮ አልሰጠም። እኛ የረታነው ጉዳያችን ከእርሳቸው ስለበለጠ አይደለም፤ ሰው ስለነበረን ነው።

እኛስ?

እዚህ ላይ ደርሶ «እኛ እኮ ሽማግሌ አንጥልም» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አንጥልም። ነገር ግን ያቺ የደሴ ሴት አንድ ምሽት ሁለተኛ ፈረቃዋን ልትጀምር ስትል የነገረችኝን ልንገራችሁ። እናቷም ስትሮክ መትቷቸው ነበር። ሆስፒታል አራት ቀን ከቆዩ በኋላ «ቤታችሁ ውሰዷቸው» ተባለ። ፊዚዮቴራፒ የለ፣ የሚያሳይ የለ፣ የጽሑፍ ምክር የለ። በላከችው ገንዘብ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ተቀጠረች፤ ልጅቷም በፍቅር ያዘቻቸው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አልነገራትም። «እኔ እዚህ የሰው አባት አገላብጣለሁ፤ እናቴ ጀርባዋ ቆስሎ ሞተች» አለችኝ። ቀጥላም ሰዓቷን አይታ ወደ ሥራዋ ገባች።

ያ እንክብካቤ ፍቅር አልጎደለውም፤ ሙያ ጎደለው፤ ሲጓደልም አቤት የሚባልበት አልነበረውም። እኛ «ቤተሰብ» ስንል የምንደብቀው ሥራ አለ፤ ሥራውን የምትሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲንከባከብ ያዝዛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ችግረኛ ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ እናቶቻችንን የምታገላብጠው ልጅ በአዋጁ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም ማለት ነው። ግዴታውን ጽፈናል፤ ግዴታውን የሚፈጽመውን እጅ ግን አላየነውም።

ቢንያም በለጠ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የመሠረተው መቄዶንያ በሺዎች የሚቈጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቶ ማኖሩ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የአንድ አገር የእርጅና ፖሊሲ በአንድ ሰው ርኅራኄና በሕዝብ መዋጮ ላይ ሊያርፍ አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ሸክሙን ወደ ጌጥ የሚለውጠው መከፋፈሉ ነው።

የአሜሪካን ዓይነት ማዕከል እንሥራ እያልሁ አይደለም፤ ገንዘቡም የለንም፣ ያን ኮሪደርም ሁሉ አልመኘውም። ሦስት ነገር ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም።

አንደኛ፣ ስትሮክ ወይም ስብራት ደርሶበት ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ያለ ጽሑፍ ዕቅድ አይውጣ። እንዴት ይገላበጥ፣ እንዴት ይዋጥ፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይሥራ የሚል፣ ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ፣ በሚያነበው ቋንቋ፤ ለአስታማሚውም ከመውጣቱ በፊት የአንድ ሰዓት ማሳያ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለእናቶችና ለሕፃናት ቤት ለቤት እንደሄደ ሁሉ፣ አልጋ ወደያዘው አዛውንትም ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ተቀጥራ አዛውንት የምትንከባከብ ሴት ሠራተኛ ተብላ በሕግ ትታወቅ። 75 ሰዓት እኮ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ያን ያህል ቢያስተምሯት ለአዛውንቱም ለእርሷም ወገብ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ዕድሮቻችን። ለቀብራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አዘጋጅተን እንጠብቃለን፤ አልጋ ለያዝንበት ዘመን ግን ምንም የለንም። ከድንኳኑ ጎን ሁለት ተሽከርካሪ ወንበርና ሁለት መደገፊያ የሚያኖር፣ አስታማሚዋን በሳምንት አንድ ቀን የሚያሳርፍ ዕድር ለማቋቋም የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ የወላጆቻችሁ ምዘና ያለ አስተርጓሚ እንዳይደረግ ጠይቁ፤ በእንክብካቤ ዕቅዱ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ የውክልና ወረቀት በጤና ዘመን አስፈርሙ፤ የሽፋን ማቋረጫ ወረቀት ሲመጣ ከግርጌው ያለውን አንብቡ። ስትጠይቁም ከጎን አልጋ ያለው ጠያቂ የሌለው ሰው ደወሉ በርቶ እንደሆነ ቀና ብላችሁ እዩ።

እኛ ያን ዕለት ከክፍሉ ስንወጣ የጎረቤታችን መብራት በርቶ ነበር። ለነርሶቹ ነግሬ ወጣሁ፤ መጡላቸው አልመጡላቸው ግን አላየሁም።

ቸር ይግጠመን።